ከኦክስጅኑ ጋር የመጡት ተቆጣጣሪ

ሲስተር አስካለ ማረፋቸውን የነገረኝ ዶክተር ሰሎሞን ነው። ጠዋት ክሊኒክ ገብቼ ጋዋኔን እንኳ ሳልለብስ ወደ ቢሮው ጠራኝና በሩን ገርበብ አደረገው።

«ሰማሽ እመቤት? አስካለ ሞተች» አለኝ።

«የትኛዋ አስካለ?»

«ስንት አስካለ አለችን? ተቆጣጣሪዋ ናታ!»

«ማን ነገረዎት?»

«አንድ ወዳጄ ነገረኝ፤ አላመንኩም። ሌላ ሰው ጋ ደወልኩ፤ እሱም እውነት ነው አለኝ። ኋላ ደግሞ ሰፈሯ ሰው ልኬ ድንኳን መተከሉን አረጋገጥኩ።»

አብሬው በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ዶክተር ሰሎሞን አንድን በሽታ እንዲህ በሦስት መንገድ አጣርቶ ሲያውቅ አይቼ አላውቅም። ፊቱ ላይ የነበረውን ሐዘን ነው ለማለት ይከብደኛል፤ እፎይታ ብቻ ነው ብልም ሐሰት ይሆንብኛል። ለዓመታት ሲጠዘጥዘው የኖረ ጥርስ ተነቅሎለት በምላሱ ባዶውን ቦታ የሚዳስስ ሰው ይመስል ነበር።

እኔ በዚህ ክሊኒክ በነርስነት ስቀጠር ሰፈሩ ገና አልፈረሰም። ከልደታ ወደ ሰንጋ ተራ በሚወስደው መንገድ፣ በቀበሌ ቤቶች መሐል፣ አንድ የድሮ ቪላ ተከራይተን እንሠራ ነበር። ሲስተር አስካለ የግል ክሊኒኮችን የሚቆጣጠሩ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። አጭር፣ ደልደል ያሉ ሴት ናቸው። ክረምት ከበጋ ጥቁር ጃንጥላ ከእጃቸው አይጠፋም፤ ዝናብ ሲዘንብ ግን ሲዘረጉት አይቼ አላውቅም። በር ያንኳኩበታል፣ አልጋ ሥር ይጎረጉሩበታል፣ የመድኃኒት ካርቶን ይገለብጡበታል። «እማማ» ብሎ የጠራቸው ዘበኛ ወዮለት! «እማማ ቤት ናት፤ እኔ ኢንስፔክተር ነኝ» ብለው ያስደነግጡታል።

ዶክተሮችን ሁሉ የሚያበግን አንድ ልማድ ነበራቸው። ሐኪሙን «አንተ» ይሉታል፤ በሽተኛውን «እርስዎ»። በሽተኛው ባለሱቅም ይሁን ተሸካሚ፣ ለእሳቸው «እርስዎ» ነው። ዶክተር ሰሎሞን አንድ ቀን ክራቫቱን አስተካክሎ፣ «ሲስተር፣ እኔ እኮ ዶክተር ነኝ» ቢላቸው፣ «አውቃለሁ፤ ለዚህ አይደል የምቆጣጠርህ?» አሉት።

ሲመጡ መጀመሪያ የሚገቡት ሽንት ቤት ነው። «የሐኪም ቤት ጠባይ የሚታወቀው በሽንት ቤቱ ነው» ይላሉ። አንድ ጊዜ ግድግዳውን ነጭ ቀለም አስቀብተን፣ የፕላስቲክ አበባ ደርድረን ጠበቅናቸው። በጃንጥላቸው ጫፍ ቀለሙን ነካ ነካ አደረጉና፣ «ያምራል። ግን እኔ ቤት ልከራይ አልመጣሁም። ለመሆኑ ውሃው የት አለ?» አሉ። ውሃው አልነበረም።

ከማንም ክሊኒክ ሻይ ቀርቶ ውሃ አይቀምሱም። እምቢ ማለት የማይችሉት ነገር ቢኖር ኬክ ነበር። ከአንዱ ክሊኒክ ወጥተው ወደሌላው ከመሻገራቸው በፊት፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካለ አንድ ኬክ ቤት መስኮት ዳር ተቀምጠው ክሬም የተጫነውን ኬክ በማኪያቶ ሲያወራርዱ ሰፈርተኛው ሁሉ ያያቸዋል። ስኳር እንዳለባቸውም ሰፈርተኛው ሁሉ ያውቃል። እሳቸው ሐኪሙን ሁሉ ይቆጣጠራሉ፤ እሳቸውን የሚቆጣጠር ግን አልተገኘም።

መጀመሪያ ዶክተር ሰሎሞንን ያዋረዱት በወይዘሮ ዘሃራ ምክንያት ነው። ወይዘሮ ዘሃራ የወሎ ሰው ናቸው፤ ተክለ ሃይማኖት በርበሬና ቅመም ይቸረችራሉ። ደረታቸው እያፏጨ፣ ሳል እያጣደፋቸው በየጊዜው ይመጡ ነበር። ዶክተሩ መድኃኒት ይጽፍላቸዋል፤ ትንሽ ይሻላቸውና ተመልሰው ይመጣሉ። የዚያን ዕለት ሲስተር አስካለ ከበሽተኞቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ኖሯል። ወይዘሮ ዘሃራ ከምርመራ ሲወጡ ጠጋ አሏቸው።

«ምን ሆኑ አለዎት ሐኪሙ?»

«እንጃ እህቴ። ብቻ ጎበዝ ነው፣ አላህ ይስጠው። እንግሊዝኛውን ዥው ያደርገዋል።»

«በእንግሊዝኛው ምን አለዎት?»

«ብሮን... ብሮንካ... አልያዝኩትም። ከባድ ነገር ሳይሆን አይቀርም፤ ስሙ ረዘም ይላል።»

ሲስተር አስካለ የሴትዮዋን እጅ ይዘው ሳያንኳኩ ቢሮው ገቡ። እኔም የመርፌ ትእዛዝ ልቀበል ገብቼ ስለነበር ሁሉንም አይቻለሁ።

«እኚህ እናት ምን ሆነው ነው?» አሉት።

«ብሮንኪያል አዝማ ነው ሲስተር። ሞደሬት ፐርሲስተንት...»

«ለእኔ አይደለም። ለእሳቸው ንገራቸው፤ በአማርኛ።»

ዶክተር ሰሎሞን ወደ ኮርኒሱ አየ። «ያው... የመተንፈሻ ቧንቧዎ... እ... ሴንሲቲቭ ሆኖ...»

«በአማርኛ!»

«አስም ነው» አለ በመጨረሻ፤ የሰው ምሥጢር እንዳወጣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ወይዘሮ ዘሃራ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «አስም? ይሄ ሁሉ አስም ነው? እኔ እኮ መሞቴ ነው ብዬ ለልጆቼ ተናዝዣለሁ!»

«ሥራቸው ምንድን ነው?» አሉ ሲስተር አስካለ፣ ዓይናቸውን ከዶክተሩ ላይ ሳያነሱ። ዶክተሩ እኔን አየኝ፤ እኔ ካርዱን አየሁ። ካርዱ ላይ የለም። ማናችንም ጠይቀናቸው አናውቅም።

«በርበሬ ነው የምሸጠው። ውዬ የማድረው በርበሬው መሐል ነው» አሉ ወይዘሮ ዘሃራ። «ምነው፣ እሱ ይጎዳል እንዴ?»

ሲስተር አስካለ ጃንጥላቸውን ከወለሉ ላይ ደቅ አደረጉና፣ «በሉ ደግ ነው» አሉ። «በርበሬው በሽታውን ይሰጥዎታል፣ ዶክተሩ መድኃኒቱን ይሰጥዎታል። ሁለቱም ደንበኛ አላጡም።»

ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ዘሃራ የማስፈጨቱንና የመንፋቱን ሥራ ለልጃቸው ሰጥተው እሳቸው ሱቁ በር ላይ ወንበር አውጥተው መቀመጥ ጀመሩ። ዶክተር ሰሎሞን ግን፣ «ይህቺ ሴትዮ ሕክምና መማር ፈልጋ ያልተሳካላት ናት፤ ቅናት ነው» እያለ ለሰማውም ላልሰማውም አወራ።

የኦክስጅኑ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

በአካባቢው ያለን ሦስት ክሊኒኮች የኦክስጅን ሲሊንደር እንዲኖረን ታዘን ነበር። የሦስቱም ባለቤቶች የትምህርት ቤት ጓደኛሞች ናቸው። ተመካከሩና አንድ ሲሊንደር አገኙ፤ ከየት እንዳገኙት አልጠየቅኩም። ዘዴው ቀላል ነበር። ሲስተር አስካለ አንዱ ክሊኒክ ሲገቡ ለቀሩት ስልክ ይደወላል፤ «ገብታለች»። ሲወጡ ደግሞ፤ «ወጥታለች»። እሳቸው ኬክ ቤት ጎራ እስኪሉ ድረስ ሲሊንደሩ በጓሮ በር ወጥቶ፣ በጋሪ ተጭኖ፣ ብርድ ልብስ ለብሶ ወደሚቀጥለው ክሊኒክ ይሄዳል። ዶክተር ሰሎሞን በዚህ ብልሃት በጣም ይኮራ ነበር። አዲስ መድኃኒት ያገኘ እንጂ ብረት የተዋሰ አይመስልም።

አንድ ማክሰኞ ስልኩ ተደወለ፤ «ወጥታለች»። ጓሮውን ከፍተን ጋሪውን መጠበቅ ጀመርን። ባለጋሪው ደምሴ የሚባል፣ ከሌላ ሰፈር የሚመጣ ቀልደኛ ሰውዬ ነው። ከሩቅ ጋሪውን እየገፋ ሲመጣ ታየን። ከጎኑ አንድ ሰው አለ። ጠጋ ሲሉ ጥቁር ጃንጥላ ታየኝ።

ኋላ ደምሴ ራሱ እንደነገረን፣ ሲስተር አስካለ ኬክ ቤቱ መስኮት ዳር ሆነው ያን በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ሲያልፍ አይተው፣ ኬካቸውን ጥለው ወጡ። ኬክ ጥለው መውጣታቸው ብቻ ነገሩ ምን ያህል እንደከነከናቸው ያሳያል።

«ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር» አሉት ደምሴን። «የማን ሬሳ ነው?»

«ኧረ ሬሳ አይደለም እማማ! የሐኪም ቤት ጋዝ ነው።»

«እማማ» መባላቸውን ለዚያን ቀን ብቻ ይቅር አሉት። «ታዲያ ምነው ሸፋፈንከው? በረደው?»

«ሰው እንዳያይብን ነዋ። ዛሬ አንዲት ክፉ ተቆጣጣሪ አለችባቸው አሉ። እሷ ከመድረሷ በፊት ይድረስ ተብሏል።»

«እንግዲያው ቶሎ በላ!» ብለው፣ ዳገቱ ላይ ከኋላ እየገፉ አገዙት።

እንዲህ ሆኖ በጓሮ በር ገቡ። ዶክተር ሰሎሞን ሲሊንደሩን ሊቀበል እጁን ዘርግቶ እንደቆመ ደርቆ ቀረ።

«ኦክስጅንህ መጣልህ» አሉት ላባቸውን እየጠረጉ። «እኔም መንገዳችን አንድ ስለሆነ አብሬው መጣሁ።»

ደምሴ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ዶክተሩን አየና ጋሪውን እዚያው ጥሎ ወጣ።

«ሲስተር፣ ላስረዳዎት...»

«ታስረዳኛለህ። መጀመሪያ ክፈተው።»

ዶክተር ሰሎሞን መፍቻ ፈለገ። መፍቻ አልነበረም። ከጎረቤት የጎማ ጥገና ቤት ተውሰን አመጣንለት። የሲሊንደሩን አንገት ይዞ ታገለ፤ ፊቱ ቀላ፤ በመጨረሻ ተከፈተ። ሁላችንም ጸጥ ብለን አዳመጥን። ምንም የለም። ሽው የሚል እንኳ የለም። ሲስተር አስካለ ጆሯቸውን አስጠግተው ትንሽ ቆዩና ቀና አሉ።

«ሬሳ ነው ብዬ ነበር፤ አልተሳሳትኩም። ሦስት ዶክተር አንድ ሬሳ እየተዋሳችሁ ከረማችሁ። ከመካከላችሁ አንድስ ‹ይተነፍሳል ወይ?› ብሎ ያየ የለም?»

ዶክተር ሰሎሞን ይህን ጊዜ የተናገረው ነገር ነው ያበላሸው። «ሲስተር፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ እዚህ ኦክስጅን አጥቶ የሞተ አንድም ሰው የለም» አለ።

የሲስተር አስካለ ፊት ተለወጠ። ያ የለመድነው ነገረኛ ፈገግታቸው ጠፋ።

«በምን አወቅህ?» አሉት ቀስ ብለው። «እየታፈነ የመጣውን ሁሉ በር ላይ ታክሲ ጠርተህ ‹ሆስፒታል ውሰዱት› ብለህ ትሸኘዋለህ። ሆስፒታል ይድረስ፣ መንገድ ላይ ይቅር፣ በምን አወቅህ? የስንቱን ለቅሶ ደረስክ?»

በዚያኑ ቀን የፊት በራችን ላይ እሽግ ተለጠፈ። የሁለቱ ጓደኞቹ ክሊኒኮችም ታሸጉ።

ክሊኒኩ ሲታሸግ እኔም ቤቴ ተቀመጥኩ። ዶክተር ሰሎሞን ሲሊንደር በመግዛት ፈንታ ሰው ፍለጋ ወጣ። የሚያውቀው ባለሥልጣን፣ የባለሥልጣኑ አማች፣ የአማቹ የንስሐ አባት ዘንድ ሁሉ ተመላለሰ። አንድም የሠመረለት የለም። እኔ ቤት ኪራይ አለብኝ፣ እናቴን እጦራለሁ፤ በየቀኑ ሲስተር አስካለን እየረገምኩ እውላለሁ። አንድ ቀን ተክለ ሃይማኖት ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋቸውና ደሜ ፈላ።

«ሲስተር፣ አወቁኝ?»

«አወቅኩሽ። የሰሎሞን ነርስ ነሽ።»

«ነበርኩ። በእርስዎ የተነሳ ይኸው ሥራ ፈትቼ እዞራለሁ። ዶክተሩ እንደሆነ ሀብታም ናቸው፤ እርስዎ ያሸጉት የእኔን እንጀራ ነው!»

ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየን። እሳቸው አልተቆጡም፤ አላዘኑልኝምም።

«እውነትሽን ነው፤ ያንቺንም አሽጌያለሁ» አሉ። «ግን የቀረው አንድ ብረት ነው። ሙሉውን ይዞ በመጣ ቀን እከፍትለታለሁ፤ ይህን ነግሬዋለሁ። ያቆየው ኩርፊያው ነው። ሂጂና ኩርፊያውን ንቀይለት።»

ይህን ብለው፣ ታክሲ ሲመጣ ሰልፉን ሁሉ በጃንጥላቸው ከፍለው ፊት ወንበር ላይ ተሰየሙ። ሰልፈኛው ተንጫጫ። ሕግ አስከባሪዋ ሴትዮ ዞር ብለው እንኳ አላዩም።

በንዴቴ ላይ ንዴት ጨምሬ በቀጥታ ዶክተር ሰሎሞን ቤት ሄድኩ። «ዶክተር፣ አንድ ብረት ነው የቀረን እኮ! እስኪገዛ ድረስ የንስሐ አባት ምን ያደርግልናል?» አልኩት። ሚስቱ ከጓዳ፣ «እኔም ይህንኑ ስለው ነው የከረምኩት» አለች። በሳምንቱ አዲስ ሲሊንደር ተገዛ። ሲስተር አስካለ መጡ፤ ራሳቸው ከፈቱት፤ ሽው አለ። «ተነፈሰ» ብለው እሽጉን ቀደዱና እንኳን ደስ ያላችሁ ሳይሉ ሄዱ።

ያ ክረምት ሳያልቅ አንድ ከሰዓት በኋላ በራችን በጩኸት ተበረገደ። ወይዘሮ ዘሃራ ናቸው፤ ልጃቸውና አንድ የሱቅ ጎረቤታቸው ደግፈው፣ እየጎተቱ አመጧቸው። ሱቁ ውስጥ አንድ ኩንታል በርበሬ ተቀዶ ፈሶ፣ ልጃቸውን አግዛለሁ ብለው ገብተው ነበር። ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ዓይናቸው ተገልብጧል፤ መናገር ሲያቅታቸው በእጃቸው አንገታቸውን ያሳዩናል። ዶክተር ሰሎሞን እንደለመደው «ታክሲ! ታክሲ ጥሩ!» ብሎ ጮኸ። ወዲያው ግን ቆም አለና ወደ ሲሊንደሩ ሮጠ። እኔ ጭምብሉን አፋቸው ላይ ያዝኩ፤ እሱ ከፈተ። መርፌውን ወጋኋቸው። ደረታቸው ከፍ ዝቅ ሲል እያየን፣ ልጃቸው ጥግ ላይ «አላህ፣ አላህ» ሲል፣ ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ቀስ በቀስ ከንፈራቸው ቀላ። ሆስፒታል የላክናቸው በእግዚአብሔርም በአላህም ቸርነት፣ በሲሊንደሩም ጭምር፣ እየተነፈሱ ነው። ዳኑ።

በነጋታው ዶክተር ሰሎሞን ሠዓሊ ጠራ። በራችን ላይ፣ ቡና ቤት «ቀዝቃዛ ቢራ አለ» ብሎ በሚለጥፈው ዓይነት፣ ትልቅ ቀይ ሰሌዳ ተሰቀለ፤ ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ኦክስጅን መኖሩን የሚያበሥር። ሌሊት ዝግ ነን፤ እሱን ማንም አላነሳም። ለመጣው ሁሉ፣ «እኔ ሁልጊዜም የምለው ነው፤ ክሊኒክ ያለ ኦክስጅን ባዶ ቤት ነው» ይላል። ወይዘሮ ዘሃራም የዶክተሩን ጉብዝና ተክለ ሃይማኖትን አዙረው አወሩለት።

ሲስተር አስካለ በመጡ ጊዜ ሰሌዳው ሥር ቆመው አንገታቸውን አንጋጠው አነበቡት።

«የማን ሐሳብ ነው?»

«የእኔ» አለ ዶክተር ሰሎሞን ደረቱን ነፍቶ።

አሁን ያጠፉታል፣ አሁን ይገነድሱታል ስል፣ «‹ኦክስጅን› ላይ ፊደል ገድፋችኋል» ብቻ ብለው ወደ ሽንት ቤቱ አለፉ። ሲወጡ ግን በር ድረስ ስሸኛቸው፣ «ይበል» አሉኝ በሹክሹክታ። «ሙሉ እስከሆነ ድረስ እኔ ፈለሰፍኩት ይበል።» ከዚያ ተሻግረው ወደ ኬክ ቤቱ ሄዱ።

ሰፈሩ ፈርሶ ኮንዶሚኒየሙ ከተሠራና ክሊኒካችንም እሱ ውስጥ ከገባ በኋላም ለዓመታት መጡብን። በመጨረሻ ስኳሩ እግራቸውን ያዘውና ጡረታቸው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከሥራ ቀሩ። ለወራት የተካቸው ሰው አልነበረም። እኛም ዐረፍን። የመርፌ ክፍሉ ሳሙና አለቀ፤ የሚተካው ጠፋ። ሽንት ቤቱ የዶክተር ሰሎሞን የመኪና ጎማ ማስቀመጫ ሆነ፤ በሽተኛ ሲጠይቅ «ተበላሽቷል» እንላለን። አንድ ሁለቴ ተናገርኩ። «ማን ያየናል?» አለኝ።

ለቅሶው ላይ ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ የተተከለው ድንኳን በክሊኒክ ባለቤት ተሞልቶ ነበር። በሕይወታቸው ሳሉ ሲመጡ በጓሮ ይሸሹ የነበሩት ሁሉ ፊት ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ሴት ልጃቸው እያለቀሰች፣ «ኬኩን ተዪ ብንላት ‹አንቺ ማን ሆነሽ ነው የምትቆጣጠሪኝ?› ትለን ነበር» ስትል ለቀስተኛው በእንባው መሐል ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳላስበው እንባዬ መጣ። ከኋላዬ ሁለት ዶክተሮች በዝግታ ያወራሉ።

«በእሷ ቦታ ማን ተተካ?»

«አንድ ወጣት ነው አሉ። ጨዋ ልጅ፤ ከመምጣቱ በፊት ይደውላል።»

«እሰይ! እግዜር ይስጠው።»

በሣልስቱ ማግስት ጠዋት የክሊኒኩ ስልክ ጠራ፤ አነሳሁት። ድምፁ ትሑት ነው። አዲሱ ተቆጣጣሪ መሆኑን ነገረኝና፣ «ነገ ጠዋት ለጉብኝት እንመጣለን፤ ድንገተኛ እንዳይሆንባችሁ ብዬ ነው። ለዶክተር ሰሎሞን ይንገሩልኝ» አለ።

«እሺ፣ እነግራቸዋለሁ» ብዬ ዘጋሁ።

ዶክተር ሰሎሞን ከቢሮው አንገቱን ብቅ አደረገ። «ማን ነው?»

«ተሳስተው ነው የደወሉት» አልኩት።